የጋሽ ሰይድ ጎዶሎ ኅዳር

መቀሌ ከተማ፣ ቀዳማይ ወያነ ሰፈር፣ ከሱቄ ጀርባ ባለች ግቢ ውስጥ ባሕር ነበረኝ። ኩሬ አላልኩም፣ የውሃ ታንከር አላልኩም፤ ባሕር ነው ያልኩት። በእጄ የበጠበጥኩት፣ በምላሴ ቀምሼ ያረጋገጥኩት ባሕር። ይኸው ሳቃችሁ። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ተኽላይ ቴፕ ጠጋኙ ሳይሳቅብኝ የዋልኩበት ቀን የለም፤ የሳቁብኝ ሰዎች ግን ቴፓቸው ሲበላሽ ዞረው የመጡት እኔው ዘንድ ነው። ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ሁሉ የተማርኩት ዕቃ ፈትቼ ነው። ከፈታሁት ውስጥ አብዛኛውን መልሼ ገጥሜዋለሁ።

ባሕሩን ያሠሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ባለፈው ሐምሌ ሞቱ። ሚስታቸው ዘሐራ ስትደውልልኝ እጄን አንድ ቴሌቪዥን ሆድ ውስጥ ከትቼ ነበር። "ተኽላይ፣ ጋሽህ ዐረፈ" አለችኝ። ቴሌቪዥኑን እንደተከፈተ ትቼ ወጣሁ። ቀብሩ ላይ ሰው ሁሉ "ቡታጋዝ ምድጃ እንደሳቸው የሚጠግን አይገኝም" እያለ ሸኛቸው። ውሸት አይደለም፣ አይገኝም። ግን ስለባሕር ያነሳ አንድ ሰው የለም። በዝናቡ ውስጥ ቆሜ ተናደድኩ። ይህን የምጽፈው ንዴቱ እስካሁን ስላልወጣልኝ ነው።

ጋሽ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ወርደው ወደብ ላይ ጭነት ይሸከሙ ነበር። የባሕር ውሃ የሚያጠኑ ፈረንጆች ጀልባ የሚይዝላቸው ሰው ሲፈልጉ እሳቸውን ቀጠሩ። ብዙ ዓመት ሳይቆይ ጀልባ መያዙ ቀርቶ መሣሪያውን የሚያወርዱትም፣ የሚያወጡትም፣ የሚያነቡትም እሳቸው ሆኑ። ልክ እንደኔ፤ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራቸውም። የተገናኘነውም በዚህ ይመስለኛል።

መሣሪያው የክንድ ርዝመት ያለው ቱቦ ነው። ሰው ሳይነካው ራሱ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ራሱ ይወጣል፤ ሲወጣ ከላይኛው ውሃ ውስጥ ምን ያህል አየር እንዳለ ይለካል። ለምን እንደሚለካ ጋሽ ሰይድ ለኔ ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው።

"ባሕር ይተነፍሳል፣ ተኽላይ። አንዳንዱ ወር ከላይ አየር ይስባል፣ አንዳንዱ ወር ደግሞ የያዘውን ይለቃል። የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፣ ላይ ላዩን። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ዓመቱን ሙሉ ብንደምረው ያ የምጽዋ ውሃ ሰጪ ነው ወይስ ወሳጅ?"

"ሰጪ ቢሆን ምን ያገኛሉ?"

"ምንም።"

"ወሳጅ ቢሆንስ?"

"እሱም ምንም። ማወቅ ነው።"

ለማወቅ፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ደርበን፣ አሥራ ሁለት ወር ያስፈልጋል። ጋሽ ሰይድ ደብተር ላይ አሥራ አንድ ነበራቸው። የጎደለው ኅዳር ነው። ምክንያቱንም ዘሐራ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ በዚያ ኅዳር ወሎ ሄደው ያገቧት እሷን ነው። መሣሪያውን ለሌላ ሰው አላምንም ብለው ለአንድ ወር ከውሃ አውጥተውት ሄዱ። የሚቀጥለው ኅዳር ሲመጣ ሞተሩ ተቃጥሎ መለዋወጫ ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛው ኅዳር ሳይደርስ ምጽዋ ጦርነት ውስጥ ገባች፣ ፈረንጆቹም የሉ፣ የጥናት ጣቢያውም የለ፤ ጋሽ ሰይድ በአንድ የሸራ ከረጢት ደብተሩንና የመሣሪያውን ጭንቅላት ብቻ ይዘው ወጡ።

ዘሐራ እንግዳ ሲመጣ ትከሳቸው ነበር። "ሰርጌን ከባሕር ላይ የሰረቅኩ ይመስል ኅዳር በገባ ቁጥር ያኮርፈኛል። ሌላዋ ሚስት በጣውንት ትቀናለች፤ እኔ በወር።"

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ትውልድ አገሩ ሲገባ እሳቸው መቀሌ መጥተው ከሱቄ አጠገብ የቡታጋዝ መጠገኛ ከፈቱ። ወሎ ዘመድ እያለ ለምን እዚህ እንደመጡ ብጠይቃቸው "እዚህ ለባሕሩ ይቀርባል" አሉኝ። በወቅቱ የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅኩ። ከኔ ሌላ ቀልደኛ በሰፈሩ መምጣቱ እንዲያውም ትንሽ ከፍቶኝ ነበር።

አንድ ቀን ሱቄ በር ላይ ቆመው ጣታቸውን በምላሳቸው አረጠቡና ወደ ነፋሱ አነሱ። ይህ ልማዳቸው ነው፤ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ወሬ አይጀምሩም።

"ሁሉን እጠግናለሁ የምትለው አንተ ነህ?"

"መቀሌ ውስጥ ሁለት የለም፣ ጋሼ።"

"የቴፕ ሞተር ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዲዞር ማድረግ ትችላለህ?"

"እኔ የማላዞረው ነገር የለም።"

"ዘይት እየገፋ፣ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ፣ ውሃ ሥር ሆኖ፣ ማንም ሳይነካው በቀን አንድ ጊዜ?"

መፍቻዬን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

"አብሽር" አሉኝ፤ "ጉራህ መልሶ ሲመጣ ጥራኝ።"

በሦስተኛው ቀን ጠራኋቸው። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሠራን። ቱቦው ያረጀ የእሳት ማጥፊያ ነው፤ ጋሽ ሰይድ የቡታጋዝ ብየዳቸውን ተጠቅመው ውሃ እንዳያስገባ አድርገው ደፈኑት። ከሥሩ የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ አለ። ሞተሩ ዘይት ወደ ከመነዳሪው ሲገፋ ይነፋል፣ ቱቦው ይወጣል፤ ዘይቱን መልሶ ሲስብ ይሟሽሻል፣ ቱቦው ይወርዳል። አናቱ ላይ ከምጽዋ የመጣው ጭንቅላት ተገጠመ፦ የብር ሽቦና የወርቅ ጫፍ፣ በስስ ላስቲክ የተሸፈነ። ውሃው ውስጥ ብዙ አየር ካለ ቶሎ ቶሎ ጢቅ ጢቅ ይላል፣ ትንሽ ከሆነ ይዘገያል። እኔ ደግሞ ጢቅታውን ካሴት ላይ እንዲቀዳ አደረግኩ። አዎ፣ የሰርግ ዘፈን የነበረበት ካሴት ላይ። ካሴቱን ከቱቦው አውጥተን ስናጫውተው የአንድ ደቂቃ ጢቅታ እንቆጥራለን፤ ቁጥሩ ደብተር ላይ ይገባል። ሥራ ተከፋፍለን ነበር። ሞተሩ የኔ፣ ቁጥሩ የሳቸው። ቁጥር አልወድም፤ ቁጥር ቀልድ አይገባውም።

መጀመሪያ የሞከርነው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ግድብ ነው። ወረደ፣ ወጣ። እኔ ግድቡ ዳር ጨፈርኩ። ጋሽ ሰይድ አልጨፈሩም።

"ይሄ ጨው የሌለው ውሃ ነው፣ ቀላል ውሃ" አሉ። "የቀይ ባሕር ውሃ ከባድ ነው። እዚያ ብንጥለው እንደ ቡሽ ላይ ይቀራል፣ አይወርድም። ክብደቱን በባሕር ውሃ ነው ማስተካከል ያለብን።"

"ታዲያ ባሕር ከየት እናምጣ?"

ጣታቸውን ወደ ከተማው፣ ወደ ጨው ተራ ቀሰሩ።

ከዐፋር በግመል የሚመጣውን ጨው የምትሸጠው አደይ ምሕረት ናት። ሁለት ዐሞሌ ስንጠይቃት "ስንት ከብት አላችሁ?" አለችን። ጨው በብዛት የሚገዛው ለከብት ነው።

"ከብት የለንም፣ አደይ። ባሕር ልንሠራ ነው" አልኳት።

እኔ የምናገረውን ለምዳለች፣ አልሳቀችም። ዐሞሌውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችውና "ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ራሱ ባሕር ነው፤ ደርቆ ነው እንጂ። የጎደላችሁ ውሃው ነው" አለችኝ። ጋሽ ሰይድ ይህን ሲሰሙ ለአደይ ምሕረት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። ለማንም እንደዚያ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም።

ግቢዬ ውስጥ ባለው በርሜል ውሃ ሞላን። ጨዉን በመዶሻ ሰብረን በጠበጥን። ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን ነከሩና ቀመሱ። "ገና ነው።" ጨመርኩ። "ገና።" ጨመርኩ። አምስተኛው ላይ ዐይናቸውን ጨፈኑ፤ ጣታቸው አፋቸው ውስጥ እንዳለ ቆሙ። "ደረስን" አሉ።

በዚያ በርሜል ውስጥ ክብደቱን በሚስማር ቁራጭ እያስተካከልን ባሕር ውስጥ ልክ መውረድና መውጣት አስተማርነው። ሚያዝያ ላይ አለቀ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ጧት ከመቀሌ የተነሳ ሰው በማግሥቱ ምጽዋ ዓሣ ይበላል። እኔ ነገ እንሂድ አልኩ።

"ሚያዝያ አለኝ" አሉኝ፤ "የሚጎድለኝ ኅዳር ነው።"

"ጋሼ፣ ሄደን እዚያው እንጠብቀው።"

"ሱቅህን ስድስት ወር ዘግተህ? ለተ ምን ትበላለች? ኅዳር የትም አይሄድም።" ለተ ሚስቴ ናት።

ኅዳር የትም አልሄደም። መንገዱ ነው የሄደው። በወሩ፣ ግንቦት ላይ፣ ጦርነት ተነሳና ድንበሩ ተዘጋ። ጦርነቱ ሲያልቅም አልተከፈተም። ሃያ ዓመት።

ሃያ ዓመት ማለት ቀላል ነው፣ አንድ ቃል ነው። ጋሽ ሰይድ በየዓርቡ ከሰላት በኋላ ግቢዬ ይመጡ ነበር። መሣሪያውን በርሜሉ ውስጥ ያወርዱታል፣ ይወጣል፣ ካሴቱን ያዳምጣሉ፣ ቁጥሩን በሌላ ደብተር ይጽፋሉ። "እንዳይረሳ ነው" ይሉኛል። መሣሪያው እንዳይረሳ ወይ እሳቸው እንዳይረሱ አልጠየቅኩም። በርሜሉ ከደረታቸው አይበልጥም፤ መሣሪያው ክንድ ያህል ይወርድና ታቹን ነክቶ ይመለሳል። አንድ ቀን ረጅም ሰዓት ካዩት በኋላ "ይሄ ከኔ በምን ይለያል?" አሉኝ። "ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ሥራው ልክ ነው። ከግቢው ግን አይወጣም።"

ካሴቱን ወደ መጀመሪያው አጠነጠንኩት።

አንዳንዴ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ይወጣሉ። ዩኒቨርሲቲ የሚማሩት ልጆች ዕይታ የሚያደንቁ ሽማግሌ ይመስሏቸዋል። እሳቸው ግን ጣታቸውን አርጥበው ወደ ምሥራቅ ያነሳሉ፤ ነፋሱ ከዚያ ከመጣ ፊታቸው ይፈታል። አውሮፕላን ብትሰጣቸው በአንድ ሰዓት ይደርሱበት ነበር። አውሮፕላን የሰጣቸው የለም።

ከዚያ ኩላሊታቸው ደከመ። ዓይደር ሆስፒታል በሳምንት ሁለት ቀን እጥበት ጀመሩ። በባጃጅ እወስዳቸው ነበር፤ አራት ሰዓት ከማሽኑ ጋር ታስረው ይተኛሉ። እዚያም ሆነው የሚያዩት ማሽኑን ነው።

"አየኸው ተኽላይ? ደሜ በስስ ላስቲክ አጠገብ ያልፋል፣ ክፉውን ይለቃል፣ ደጉን ይወስዳል። ሰጪና ወሳጅ ነው። የኛው መሣሪያ የአጎት ልጅ።"

"የኛው ግን ብቻውን ይሠራል" አልኩ።

"እሱማ እኔንም ብቻዬን ቢለቀኝ ምናለ" አሉ። የሳቁት ግን ነርሷ እንዳትሰማ በትንሹ ነው።

መንገዱ የተከፈተው እንግዲህ በዚህ ጊዜ ነው። መስከረም ነበር። መቀሌ በደስታ ሰከረች፤ ከወዲያ የመጡ መኪኖች ታርጋቸው እየታየ ሰው መንገድ ላይ ይተቃቀፋል። እኔ በሩጫ ቤታቸው ገባሁ። ጋሽ ሰይድ አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር፤ ዘሐራ ሬድዮኑን ዘግታዋለች።

"ሰምተዋል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እንሂዳ።"

እጃቸውን አነሱና ክንዳቸው ላይ መርፌ የሚገባበትን ቦታ አሳዩኝ። ከአራት ቀን በላይ ከማሽኑ ከራቁ እንደሚሞቱ ሦስታችንም እናውቃለን። ባሕሩ ሲከፈት ሰውዬው ተዘጉ።

"ኅዳር ሊገባ ሁለት ወር ነው" አሉኝ። "አንተ ትሄዳለህ።"

ደብተሩን ሰጡኝ። የኅዳር ገጽ ላይ ሠላሳ መስመር አስምረው፣ በስተቀኝ "ታዛቢ" የሚል ዓምድ አውጥተዋል። በየቀኑ መሣሪያው ሲወጣ ካሴቱን አዳምጥ፣ ቁጠር፣ ጻፍ፣ ፈርም። ባትሪ በሦስት ቀን ቀይር። ስሱ ላስቲክ ላይ አረንጓዴ ነገር ስለሚበቅል በየጧቱ በጥጥ ጥረገው። ከባሕሩ ጋር እንዳይሄድ ገመድ እሰርበት።

"ሠላሳ ቀን ነው፣ ተኽላይ። ሃያ ዘጠኝ ቀን ያለው ኅዳር የለም።"

"ሠላሳ አንድ ላምጣልዎት?"

"ሠላሳ" አሉኝ። አልሳቁም።

ምጽዋን አልገልጽላችሁም፤ እኔ የደጋ ሰው ነኝ፣ ከምጽዋ የማስታውሰው ላብ ነው። ኢድሪስ የሚባል ዓሣ አጥማጅ በጀልባው አስገባኝ። ለጋሽ ሰይድ እንደሆነ ስነግረው ሽበታሙን ጺሙን ይዞ አሰበ። "ውሃ የሚያዳምጠው ወሎዬ?" አለኝ። "እሱ እኮ ቶሎ እመለሳለሁ ብሎ ነው የሄደው።"

መሣሪያውን ኅዳር አንድ ቀን ውሃ ላይ አስቀመጥኩት። ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ከዚያ ዘይቱን ሲስብ ድምፁ ተሰማኝና ወረደ። ከግቢዬ በርሜል ሌላ አይቶ የማያውቅ ቱቦ አረንጓዴው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ኢድሪስ "ሰጠመ" አለኝ። "ቆይ" አልኩት። ወጣ። ካሴቱን አዳመጥኩ፣ ስልሳ ሁለት ቆጠርኩ። ስልክ ቤት ሄጄ ለጋሽ ሰይድ ቁጥሩን ስነግራቸው ስልኩን ዘሐራ ተቀበለቻቸው። "እያለቀሰ ነው፤ ነገ ደውል" አለችኝ።

እንደዚህ ሃያ ሦስት ቀን ሠራሁ። ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሦስት፣ ስልሳ ሁለት። በየሳምንቱ እደውላለሁ። በሕይወቴ አንድ ሥራ እንደዚያ ሳልቀልድ ሠርቼ አላውቅም።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ሻይ ቤት ውስጥ መንገዱ ሊዘጋ ነው የሚል ወሬ መጣ። አንዱ ሾፌር ነገ ነው አለ፣ ሌላው ዛሬ ማታ ነው አለ። ኢድሪስን ብነግረው መረቡን መስፋቱን አላቆመም።

"ይሄ ወሬ በየሳምንቱ ይመጣል። የቀረህ ሰባት ቀን ነው።"

"ቢዘጋብኝስ? ሃያ ዓመት ነው የተዘጋው።"

"ሰባት ቀን ነው" አለኝ ደግሞ።

ለተ ታየችኝ። ሱቄ ታየኝ። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ሃያ ዓመት በርሜል አጠገብ ቆመው ታዩኝ፤ እኔም እንደሳቸው ከድንበሩ ማዶ የምቀር መሰለኝ። መሣሪያውን ከውሃ ጎትቼ አወጣሁና በመጀመሪያው መኪና ተሳፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት። ፈራሁ።

የድንበሩን ከተማ ዛላምበሳን ሳልፍ ማንም አላስቆመኝም። መንገዱ ክፍት ነበር።

አዲግራት ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በጣም ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ባሕር እኮ አለኝ። ጨዉ ያው የባሕር ጨው ነው፣ ውሃ ያው ውሃ ነው፣ መሣሪያው ያው ነው። ሰባቱን ቀን በርሜሌ ውስጥ ብለካ ከውሸት አይቆጠርም። ዝም ብዬ ቁጥር ከፈጠርኩ ነው ውሸት።

እናም በድብቅ ገባሁ። ሰባት ቀን ከገዛ ቤቴ አልወጣሁም። ሱቁ ዝግ፣ መስኮቱ ዝግ፣ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ አፌ ላይ። ለተ "ወንድ ልጅ በገዛ ቤቱ ሌባ ሆኖ ሲኖር ዛሬ አየሁ" እያለች ምግቤን ታቀርባለች። ጧት ጧት የፈላ ውሃ እየጨመርኩ በርሜሉን እንደ ምጽዋ አሞቀዋለሁ፣ ቴርሞሜትር አለኝ፣ አንድ ዲግሪ አላጭበረበርኩም። ውሃው ሲጨመር የሚቀጥነውን ጨውም እተካለሁ። ካሴቱ አርባ ስምንት ቆጠረ። ሌላ ቀን አርባ ዘጠኝ። ቁጥሩ ከምጽዋው አነስ ማለቱን አይቻለሁ፤ ግን ባሕሩም አንዳንድ ቀን ሊደክመው ይችላል ብዬ ምንም ሳልነካ የተቆጠረውን ጻፍኩ። በሐቀኝነቴ ኮራሁ ብላችሁስ።

በአምስተኛው ቀን በር ተንኳኳ። ዘሐራ ነበረች። እኔ ከበሩ ጀርባ ግድግዳ ላይ ተለጠፍኩ።

"ለተ፣ ተኽላይ ደወለልሽ?"

"አልደወለም" አለች ሚስቴ። ድምፅዋ ተለወጠ።

"መንገድ ተዘጋ የሚሉት እውነት ነው? ሰውዬው እንቅልፍ የለውም። ልጁን አስበላሁት ይላል። ቁጥሩን አይደለም የሚጠይቀኝ፣ ተኽላይን ነው የሚጠይቀኝ።"

ለተ በሩን ዘግታ ዞራ አየችኝ። ምነው በተሳደበች። በዚያች ደቂቃ ወጥቼ ዘሐራን ብከተላት ኖሮ ስል እስከ ዛሬ አስባለሁ። አልወጣሁም። ሁለት ቀን ይቀረኝ ነበር።

ታኅሣሥ አንድ ቀን የምጽዋ ሻንጣዬን ይዤ፣ ሰው እንዲያየኝ በዋናው መንገድ በኩል ዞሬ ቤታቸው ሄድኩ። ጋሽ ሰይድ ካልጋቸው ተነስተው አቀፉኝ። ክብደት የላቸውም። "መጣህ?" አሉኝ፤ "በሰላም መጣህ?" ደብተሩን ሳይጠይቁ ውሃ አስጠጡኝ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ።

ጣታቸው ከአንድ ጀምሮ ቁልቁል ወረደ። ስልሳ ሁለት፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ሦስት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሃያ ሦስት ላይ ደረሰ። ሃያ አራት ላይ ጣቱ ቆመ።

"ተኽላይ።"

"አቤት ጋሼ።"

"መቀሌ መቼ ገባህ?"

"ዛሬ ጧት።"

መነጽራቸውን አወጡ። "ይሄን በርሜል ሃያ ዓመት በየዓርቡ ሳዳምጠው ኖርኩ። ድምፁን እንደ ሚስቴ ድምፅ አላውቀውም? አየር እዚህ ስስ ነው፤ ተራራ ላይ ነን። የፈለግኸውን ያህል ጨው ጨምር፣ የመቀሌ ውሃ እንደ ባሕር ዳር ውሃ አየር አይጠግብም። ከአምስቱ አንዱ ይጎድለዋል።" ደብተሩን ወደኔ አዞሩት። "ይኸው። ሰባት ቀን ሙሉ የጎደለው።"

ሃያ ዓመት ሙሉ ያንን በርሜል ሳደርቅ፣ ስሞላ፣ ሳሞቅ ይህን አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። ቁጥር የሳቸው ነበራ። ሁሉን ነገርኳቸው። ወሬውን፣ ኢድሪስን፣ ግድግዳውን። ዘሐራ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች።

"አሁን መንገዱ ተዘግቷል?" አሉኝ።

"አልተዘጋም።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ኅዳር ትናንት አልቋል። እንዲሰድቡኝ ጠበቅኩ። የዚያ ቤት ጣሪያ በዚያ ሰዓት ቢወድቅብኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የተናገረችው ዘሐራ ናት። "አንተ ወር ሙሉ ለሰርግ ጠፋህ" አለቻቸው። "እሱ ሰባት ቀን ለፍርሃት ጠፋ። አሁን ከሁለታችሁ ማን ማንን ሊቆጣ ነው?"

ጋሽ ሰይድ ዞረው አዩዋት። ከዚያ ሳቁ። ሳላቸው እስኪመጣ፣ ዘሐራ ጀርባቸውን እስክትመታላቸው ሳቁ። ሲበርድላቸው ላጲስ ጠየቁኝ። ከሃያ አራት እስከ ሠላሳ ያለውን አንድ በአንድ አጠፉ፤ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በቀስታ። በየመስመሩ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው "አልታየም" ብለው ጻፉ። ሰባት ጊዜ። በስተቀኝ ያለውን ፊርማዬንም ከሰባቱ ላይ አጠፉት። የሃያ ሦስቱን አልነኩም።

"ያለውን ብንደምረውስ፣ ጋሼ?" አልኳቸው። "ሰባቱን ትተን።"

"ያልታየውን ባዶ ብለህ ከደመርከው ባሕሩ ሰባት ቀን ሞቶ ነበር ማለት ነው። አልሞተም። አንተ ነህ የሄድከው።" እጄን ያዙኝ። "ትናንት ከኅዳር ምንም አልነበረኝም። ዛሬ ሃያ ሦስት ቀን አለኝ። ለሚመጣው ኅዳር የሚቀረን ሰባት ብቻ ነው።"

መንገዱ የተዘጋው ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ነው። ሰባቱን ቀን ብቆይ ኖሮ ተዝናንቼ እመለስ ነበር። የሚመጣውን ኅዳር ጋሽ ሰይድ አላዩትም፤ መንገዱም አልተከፈተም። ባሕሩ ሰጪ ይሁን ወሳጅ ሳያውቁ ሞቱ። ከገጹ ሥር "ድምር" የሚለው ባዶ ነው።

እንግዲህ ተኽላይ ጉረኛ ነው የምትሉ፣ ሂዱና ጠይቁ። ጨው ተራ አደይ ምሕረት አለች፤ ስንት ዐሞሌ እንደሸጠችልን ትነግራችኋለች። ዘሐራ ቤት ደብተሩ አለ፤ ኅዳርን ገልጣ ታሳያችኋለች፣ የሃያ ሦስት ቀን ፊርማ ቁጠሩ፣ "አልታየም" የሚለውን ሰባት ጊዜ አንብቡ፣ ጽሕፈቱ የማን እንደሆነ ሰፈሩን ሁሉ ጠይቁ። መንገዱ የተከፈተ ቀን ምጽዋ ውረዱ፣ ኢድሪስን ፈልጉ። ተኽላይ ሠላሳውን ቀን ቆይቷል የሚል አንድ ሰው ካገኛችሁ ግን እሱን አትመኑት፣ ውሸታም ነው።